ሁለት ፀጉር በአንድ ራስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሪላክሰር (ፀጉርን በኬሚካል የሚያቀና ቅባት) አቁመው የተፈጥሮ ፀጉራቸውን ማሳደግ ከጀመሩ አንባቢያን የሚደርሱን ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ለቀናል። ተመሳሳዮቹን አዋህደናል፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ 12 ዓመት ሙሉ በየሁለት ወሩ ሪላክሰር ስቀባ ኖሬ ካቆምኩ ሦስት ወሬ ነው። ፀጉሬ ትከሻዬን ያልፋል። ሳልቆረጥ ወደ ድሮው መልኩ የሚመልሰው ዘይት ወይም ትሪትመንት አለ? ቤኪንግ ሶዳ በአቼቶ ይመልሰዋል ያሉኝም ሰዎች አሉ።
መቀስ የምትፈራ

መልስ፦ የለም። ሻጩ ምንም ቢልዎት የለም። ምክንያቱን ካወቁት ግን ገንዘብዎም ፀጉርዎም ይተርፋል።

ፀጉር ቅርጹን የሚይዘው ኬራቲን የተባለውን ፕሮቲን እርስ በርስ በሚያስተሳስሩ የሰልፈር ድልድዮች ነው። በአብዛኛው ሪላክሰር ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሁለት ዕቃ ተደባልቆ የሚቀባው ዓይነት ደግሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድና ጓኒዲን ካርቦኔት ይዟል። ፒኤቻቸው፣ ማለትም የአልካሊነት ልኬታቸው፣ ከ12 እስከ 14 ይደርሳል። ፀጉሩ በዚህ ኃይል ያብጣል፤ ከድልድዮቹ አንዱ ሰልፈር ይወጣና ላንታዮኒን የሚባል ሌላ ትስስር በቦታው ይተካል። ይህ ትስስር ተመልሶ አይፈታም። መጨረሻ ላይ የሚታጠቡበት ኒውትራላይዘር ሻምፖም ኬሚካሉን ያስቆመዋል እንጂ የፈረሰውን አይጠግንም። ቤኪንግ ሶዳማ ራሱ አልካሊ ስለሆነ ደካማውን ፀጉር ጭራሽ ያሳብጠዋል። አቼቶ ሲጨመርበት አረፋው ያምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀረው ጨዋማ ውኃ ነው።

ኬሚካሉ ያልነካው ነገር አለ። ከቆዳ በታች ያለችው ፀጉር የምታበቅለው ከረጢት ጠማማነቷን አልለወጠችም፤ ስለዚህ አዲስ የሚወጣው ፀጉር የራስዎ ፀጉር ነው። ጥቅልል ፀጉር በወር ከ0.8 እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። በሦስት ወር ቢበዛ 3 ሴንቲ ሜትር አለዎት፤ 10 ሴንቲ ሜትር ለመድረስ ካቆሙበት ቀን አንድ ዓመት ይፈልጋል።

መንገዱ ሁለት ነው፦ አሁኑኑ ሉጫውን በሙሉ መቁረጥ፣ ወይም እያሳደጉ ከጫፍ መቀነስ። መቀስ ከፈሩ ሁለተኛውን ይያዙ፤ ነገር ግን በሥርዓት ይሁን። በየስምንት ሳምንቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያስቆርጡ። በዓመት የሚቆረጠው 12 ወይም 13 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ከሚያድገው ጋር ይቀራረባል። ርዝመቱ ባለበት ይቆያል፣ በውስጡ ያለው ፀጉር ግን ከላይ ወደ ታች እየተለወጠ ይሄዳል። ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ማስታመሙን አንመክርም። ሉጫው ጫፍ ሳስቶ ከጀርባው ያለ ነገር የሚታይ ከሆነ ደግሞ አንድ ዓመትም አይጠብቁ፤ ያ ርዝመት ለዓይን ብቻ ነው።

የመቁረጫው ቀን ሲደርስ ፀጉሩን እርጥብ እንዳለ ይቁረጡት። ሲደርቅና ሲተኮስ አዲሱና ሉጫው የሚገናኙበት መጋጠሚያ አይለይም። ታጥበው በስምንት ይክፈሉት፤ ቀጭን ዘለላ ይዘው ይልቀቁት። አዲሱ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀድሞው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። በመጀመሪያው ዙር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሉጫ አስተርፈው ይቁረጡ፤ ከሳምንት በኋላ፣ የፀጉሩን አወዳደቅ ካዩ በኋላ፣ ቀሪውን ያንሱ። መቀሱ የፀጉር መቀስ ይሁን። የወረቀት መቀስ ፀጉሩን ጨፍልቆ ስለሚበጥሰው አዲሱ ጫፍ ገና ከመጀመሪያው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ካቆምኩ አምስተኛ ወሬ ነው። በታጠብኩ ቁጥር ማበጠሪያው ላይ እፍኝ ሙሉ ፀጉር አገኛለሁ። ቆሜ ራሰ በራ ልሆን ነው ወይ?
ማበጠሪያ የጠላች

መልስ፦ መጀመሪያ የሚወጣው ፀጉር ተነቅሎ ነው ወይስ ተሰብሮ የሚለውን ይለዩ። ከማበጠሪያው ላይ አሥር ዘለላ አንስተው በጥቁር ጨርቅ ላይ ይዘርጉ። ጫፉ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ እንኳ የማትሞላ ነጭ ነጥብ ካለችው፣ ያ ጊዜውን ጨርሶ የረገፈ ፀጉር ነው። ከማንኛውም ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ይረግፋል። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚያበጥሩ ከሆነ የሰባቱ ቀን ተጠራቅሞ ስለሚወጣ እፍኝ መሙላቱ አያስደነግጥም። ነጥብ የሌለው፣ ከላይ እስከ ታች ሉጫ የሆነና ርዝመቱ ከራስዎ ፀጉር ያነሰ ከሆነ ግን መጋጠሚያው ላይ ተሰብሯል። ከአሥሩ ሦስትና አራቱ እንዲህ ከሆኑ አያያዝዎ መለወጥ አለበት።

መጋጠሚያው ለምን ይሰበራል? በአንድ ዘለላ ላይ ሁለት የተለያየ ጠባይ ስላለ ነው። ሲጎተት ጥቅልሉ ክፍል እንደ ስፕሪንግ ይለጠጣል፤ ሉጫው አይለጠጥም። ጉተታው ሁሉ የሚያርፈው ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ደንባቸው ተቃራኒ መሆኑ ነው። ጥቅልል ፀጉር በደረቁ ሲበጠር ይሰበራል፣ ሪላክስ የተደረገ ፀጉር ደግሞ በጣም የሚደክመው ሲረጥብ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው እርጥበትና ብዙ የሚያሙለጨልጭ ኮንዲሽነር ብቻ ነው።

በመታጠቢያው ቀን እንዲህ ያድርጉ። ውኃ ከመንካቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት የኮኮናት ዘይት፣ በተለይ ከመጋጠሚያው እስከ ጫፍ፣ ቀለል አድርገው ይቀቡ። ይህ ዘይት ፀጉር ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ በመታጠብ የሚሄደውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ፀጉሩን ከስድስት እስከ ስምንት ከፍለው እያንዳንዱን ላላ አድርገው ይጠምዝዙ። ጥምዙን ሳይፈቱ ይታጠቡ። አንድ እጅ ሻምፖ በሦስት እጅ ውኃ አቅጥነው ለራስ ቆዳ ብቻ ይስጡ፤ ወደ ታች የሚወርደው አረፋ ለጫፉ ይበቃዋል። ፀጉሩን ወደ ላይ ሰብስቦ ማሸት የተለመደ ነው፣ የሚያጠላልፈውም እሱ ነው።

ከዚያ አንዱን ጥምዝ ይፍቱና ኮንዲሽነር እስኪያሙለጨልጭ ድረስ ይስጡት፤ ለአንድ ክፍል አንድ የሾርባ ማንኪያ ከመጠን አላለፈም። አሁን ዋናው ነገር መጣ። በግራ እጅዎ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል መጋጠሚያውን፣ ማለትም ጥቅልሉ የሚያበቃበትን ቦታ፣ ቆንጥጠው ይያዙ። በቀኝ እጅዎ በመጀመሪያ በጣት፣ ቀጥሎ ጥርሱ በሰፋ ማበጠሪያ፣ ከጫፍ ጀምረው ሉጫውን ብቻ ያፍታቱ። የተቆነጠጠው ቦታ ላይ ጉተታው ይቆማል፤ ወደ መጋጠሚያውም ወደ ሥሩም አይደርስም። ሉጫው ከተፍታታ በኋላ ቁንጥጫውን ወደ ሥሩ ከፍ አድርገው አዲሱን ለብቻው ያፍታቱ። ማበጠሪያው ሲያዝ አይግፉት። አውጥተው ቋጠሮውን በጣት ያላሉ፣ ኮንዲሽነር ይጨምሩ፣ ይመለሱ። የተፍታታውን መልሰው ጠምዝዘው ወደ ቀጣዩ ይለፉ። አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ችኮላ ካለብዎት ለሌላ ቀን ያስተላልፉት።

ሲጨርሱ በፎጣ አይሹት፤ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጨብጠው ውኃውን ያስመጥጡ። ሳይታጠብ የሚቀረውን ኮንዲሽነር፣ ሊቭ ኢን የሚባለውን፣ በእርጥቡ ከቀቡ በኋላ ሁለት ሦስት ጠብታ ዘይት ከላይ ይበቃል። ዘይት የያዘውን እርጥበት እንዳይወጣ ይከልላል፣ ራሱ ግን አያረጥብም። ደረቅ ፀጉር ላይ ዘይት ደጋግሞ መቀባት ያወዛል እንጂ ድርቀቱን አያነሳም።

የፕሮቲን ትሪትመንት በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ይበቃል። መቼ እንደሚያስፈልግ ፀጉሩ ይነግርዎታል፦ እርጥቡን ዘለላ ሲስቡት እንደ ማስቲካ ተለጥጦ ካልተመለሰ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ምንም ሳይለጠጥ ቀጭ ብሎ ከተበጠሰ ፕሮቲኑ በዝቶበታል፣ እርጥበት ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሥሩ ጥቅልል፣ ጫፉ ሉጫ ሆኖ መውጣት ያሳፍረኛል። በየሳምንቱ ፎንና ፒያስትራ እያደረግሁ ሁለቱን አመሳስላለሁ። ኬሚካል እስካልነካሁ ድረስ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ አንድ ዓመት ያሳደጉትን አንድ ቀን ሊወስደው ይችላል። ከፍተኛ ሙቀት ሲደጋገም የኬራቲኑን አሠራር ስለሚያበላሽ ጥቅልሉ ውኃ ሲነካው አይመለስም። ያን ጊዜ ኬሚካል ሳይቀቡ ሌላ ሉጫ ፀጉር አብቅለዋል፣ መፍትሔውም ያው መቀስ ነው። በእርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ማሳረፍ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ውስጡ ያለው ውኃ ፈልቶ ፀጉሩ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ዘለላውም እዚያ ላይ ይሰበራል። ሲተኮስ "ጭስ" ብሎ የሚያፏጨው ድምፅ እሱ ነው።

ግድ ከሆነ በወር ከአንድ ጊዜ አይበልጥ፤ ፀጉሩ ፈጽሞ ደርቆ፣ ከሙቀት መከላከያ ጋር፣ ከ180 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ አንድ ዘለላ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ። የዲግሪ ቁጥር የማያሳይ ፒያስትራ አይጠቀሙ።

ለማመሳሰል ግን ጥቅልሉን ከማቅናት ሉጫውን መጠቅለል ይሻላል። ታጥቦ ለመድረቅ ጥቂት ሲቀረው ፀጉሩን ከ15 እስከ 20 ክፍል ያድርጉ። እያንዳንዱን ከሥር ጀምሮ በሁለት ዘለላ ይጠምዝዙ፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን ሉጫ ጫፍ በቀጭን ቢጉዲን ይጠቅልሉ። ቢጉዲኑ ቀጭን የሚሆነው ከራስዎ ጥቅልል ጋር እንዲቀራረብ ነው፤ ወፍራሙን ካደረጉት ከላይ ጥቅጥቅ፣ ከታች ማዕበል ይሆናል። በካስክ ወይም አዳሩን ያድርቁት። የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ሲፈታ። አንዱን ፈትተው ይሞክሩ፤ ከቀዘቀዘዎት አልደረቀም። ሲፈቱ ጣትዎን ዘይት ያስነኩ። ሌሊት በሳቲን ሻሽ ከተሸፈነ አራት ቀን ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ፀጉር ላለማየት ስል ያለማቋረጥ በሰው ሠራሽ ፀጉር ሹሩባ እሠራለሁ። አሁን ግንባሬ አካባቢ ሳስቷል፣ መሐል አናቴም ያሳክከኛል።

መልስ፦ ሁለቱ ቦታዎች አንድ ችግር ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለየብቻ እንያቸው።

የግንባሩ መሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ከጉተታ ነው። ሹሩባ በተሠራበት ቀን ራስ ምታት ካመጣ፣ ቅንድብ ከሳበ፣ ሥሩ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ካወጣ ጠብቋል። የራስ ምታት ክኒን ውጦ የሚለመድ ሹሩባ የለም፤ የዚያኑ ቀን መፈታት አለበት። መሳሳቱ በጊዜ ከተደረሰበትና ጉተታው ከቆመ ፀጉሩ ይመለሳል። ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ጠባሳ ስለሚሆን አይመለስም። የግንባር ዳሩን ከሹሩባው ውጪ ይተዉት፣ ተቀጥያው ቀላል፣ ጉንጉኑ ወፍራም ይሁን፤ ከስድስት ሳምንት አያሳልፉት፤ በሁለት ሹሩባ መካከል ሁለት ሳምንት እረፍት ይስጡ።

የመሐል አናቱ ማሳከክ፣ ከማቃጠል ወይም ሲነኩት ከማመም ጋር ከሆነና ክብ እየሠራ ከሰፋ፣ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ። ከመሐል አናት ተነስቶ ወደ ዙሪያው የሚሰፋ፣ ጠባሳ የሚተው የፀጉር መርገፍ ዓይነት አለ። ሕክምናው ያለውን ያተርፋል፣ የጠፋውን አይመልስም፤ ስለዚህ ወር መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። እስከዚያው ቆዳውን የሚያቃጥል ማንኛውንም ዘይትና ቅባት ይተዉ።

ስለ መፍታት አንድ ነገር እንጨምር፣ ብዙ ፀጉር የሚጠፋው እዚያ ላይ ነውና። በስድስት ሳምንት ውስጥ መርገፍ የነበረበት ከ2,100 እስከ 4,200 ዘለላ ሹሩባው ውስጥ ታስሮ ቆይቷል። ሲፈታ አንድ ላይ ይወጣል፣ አያልቅሱ። ጉንጉኑ ከሥሩ ላይ የሚያጠራቅመውን ግራጫ እድፍ ግን ውኃ ሳይነካው በኮንዲሽነር አለስልሰው በጣት ይልቀሙት። ሳይለቀም ውኃ ከነካው ከረገፈው ፀጉር ጋር ተያይዞ እንደ ባና ይደድራል፤ ከዚያ የሚፈታው መቀስ ነው።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ ትሪትመንት አይቀበልም። ምንም ብቀባው ላዩ ላይ ይቀራል፣ ሲነካ እንደ ገለባ ሻካራ ነው። ስቀባ የነበረው "ለስስ ቆዳ" የሚለውን በሁለት ዕቃ የሚደባለቅ ሪላክሰር ነው።

መልስ፦ ምክንያቱን ራስዎ ጽፈውታል። ያ ዓይነት ቆዳን ብዙም አያቃጥልም፤ ግን ካልሲየም ፀጉሩ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት፣ ውኃ ካለ ደግሞ ይጨምርበታል። ተራ ሻምፖ አያነሳውም። ማዕድን የሚያነሳ፣ በይዘት ዝርዝሩ ላይ ኢዲቲኤ የሚል ሻምፖ በወር አንድ ጊዜ ይጠቀሙ፤ አረፋውን አምስት ደቂቃ ያቆዩት። ያደርቃልና ወዲያው ጥልቅ ኮንዲሽነር በፕላስቲክ ኮፍያ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ ይስጡ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ከአንዱ ውድ ትሪትመንት ወደ ሌላው ይዘዋወራል።

ጥያቄ፦ ሪላክሰር ትቼ ኬራቲን ብሠራ "ናቹራል" እባላለሁ? ጉዳትስ አለው?

መልስ፦ ስያሜውን ለሚከራከሩበት ትተን ወደ ጉዳቱ እንሂድ። ብዙዎቹ የኬራቲን ማለስለሻዎች በፒያስትራ ሲተኮሱ ፎርማልዴሃይድ ይለቃሉ፤ ዓይን የሚያስለቅሰው ጭስ እሱ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። "ፎርማልዴሃይድ የለውም" ከተባለ ጀርባውን ያንብቡ፦ ሜቲሊን ግላይኮል ከተጻፈ ያው በውኃ የተበረዘ ፎርማልዴሃይድ ነው። ግላይኦክሲሊክ አሲድ ያለባቸው ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት እንዳስከተሉ በቅርብ ዓመታት የሕክምና ዘገባዎች ታትመዋል። የተዳከመውን መጋጠሚያ ለዚህ ሁሉ ሙቀት ማጋለጡም ሌላ ጉዳት ነው።

ስለ ሪላክሰርና ካንሰር የጠየቃችሁንም እዚሁ እንመልስ። በአሜሪካ 33,497 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። የፀጉር ማለስለሻ (ሪላክሰርን ጨምሮ) በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ላይ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ የማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድል 4.05 በመቶ፣ ፈጽሞ ባልተጠቀሙት ላይ 1.64 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። ጥናቱ ዝምድና እንዳለ ያሳያል፤ ማለስለሻው ራሱ አምጥቶታል ብሎ አልደመደመም፣ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነም አልለየም። ቁጥሩን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይያዙት።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሁለት ጊዜ ሪላክሰር ተቀብታለች። አሁን ላስቆማት ነው፣ እንዴት ልያዝላት?

መልስ፦ እሷ ከተስማማች ይቁረጡት። ልጅ አንድ ሰዓት ቁጭ ብላ መጋጠሚያ አታስፈታም፤ እርስዎም ትዕግሥትዎ አልቆ ይጎትቱታል። ካልፈለገች ግን አያስገድዷት፤ ላላ ባሉ ትላልቅ ጉንጉኖች ይያዙላትና በየስድስት ሳምንቱ ጫፉን ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻውን ሉጫ ጫፍ ከቆረጥኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። 12 ሴንቲ ሜትር ለካሁ፣ ሲደርቅ ግን 4 እንኳን አይሞላም። ፊት ለፊቱ ሉጫ ይመስላል፣ ኋላው ከርዳዳ ነው። እኅቴ ያላት ዓይነት ጥቅልል የለኝም። የቱ ጋ አጠፋሁ?

መልስ፦ አላጠፉም። ጥቅጥቅ ያለ ጥቅልል ሲደርቅ ከርዝመቱ ከግማሽ በላይ ይሰበሰባል፤ የእርስዎ 12 ሴንቲ ሜትር አልጠፋም፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በአንድ ራስ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት ጥቅልል መኖሩም የተለመደ ነው፤ የእኅትዎ ከረጢትም የእርስዎ ከረጢት አይደለም። የፊተኛውን ግን ይመርምሩት። እርጥብ ሆኖም ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠል ከሆነ ሉጫ ተርፎበታል ወይም ሙቀት ጎድቶታል፤ ሲረጥብ ትንሽ እንኳ ከታጠፈ የራሱ ጠባይ ነው፣ ይተዉት።

መሰብሰቡን ለመቀነስ ከታጠቡ በኋላ በስምንት ጎንጉነው እስኪደርቅ ይተዉት፤ ፒያስትራ የሚያህል ባይሆንም ጥሩ ያስረዝመዋል። ጥቅልሉ ጎልቶ እንዲታይ ከፈለጉ ደግሞ ውኃው እየተንጠባጠበ ሊቭ ኢን፣ ከዚያ ጄል በዘለላ በዘለላ ይቀቡና ደርቆ እስኪጠነክር አይንኩት። ከደረቀ በኋላ በዘይት በተነካ እጅ ሲጨብጡት ጥንካሬው ይለቃል። ጄሉ ነጭ ቅርፊት ከሠራ ከሊቭ ኢኑ ጋር አልተስማማም፤ ሁለቱን መዳፍዎ ላይ አደባልቀው ይዩ፣ እንደ እርጎ ከቋጠረ አንዱን ይቀይሩ። ቀጣዩን ጫፍ ማስተካከል ከሦስት ወር በኋላ ያድርጉት፤ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃል።